መጋረጃው ሲገለጥ

በችግረኛ ፊት ጥበብ በሚሠራበት ጊዜ የችግረኛው ድርሻ ምንድር ነው? ይህን እንድንጠይቅ ያነሣሣን፣ የአንድ አጭር ፊልም አሠራር ከመጋረጃ በስተጀርባ የታየበት ዘጋቢ ፊልም ነው።

ዴንማርካዊው ዮርገን ሌት እ.ኤ.አ. በ1967 «ፍጹሙ ሰው» የተባለ የሙከራ ፊልም ሠርቶ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የአገሩ ሰው ላርስ ፎን ትሪየር ያንኑ ፊልም በየጊዜው በአዲስ ደንብ እንዲሠራው ጠየቀው። ሥራው የታየበት «አምስቱ መሰናክሎች» በ2003 ወጣ። ከደንቦቹ አንዱ፣ እጅግ አስከፊ ወደምትለው ስፍራ ሂድ፤ በዚያ ያማረ ማዕድ ብላ፤ ስፍራውን ግን አታሳይ የሚል ነበር። ሌት በሕንድ አገር፣ በቦምቤይ ከተማ፣ በሴተኛ አዳሪዎች መንደር ገበታ ዘረጋ። ከኋላው ስስ መጋረጃ ነበር፤ ከዚያ ማዶ የሰፈሩ ሰዎች ቆመው ሲመለከቱት ይታያሉ። ፎን ትሪየር ደንቡ ፈርሷል አለ። የፈረሰው ግን የፊልም ደንብ ብቻ ነውን? የነዌንና የአልዓዛርን ታሪክ የሚያውቅ ምእመን መልሱን አያጣውም።

በአገራችንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ፊልሙ በመካከሉ የቤተ መንግሥት ግብዣ እየገባበት በቴሌቪዥን ቀረበ። ረኃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን የሰፋው እጅ ግን አልታየም።

ካሜራው ባይደርስ ኖሮ ያ ረኃብ ተሰውሮ በቀረ ነበርና ካሜራን አንኰንንም። አሠራርን መግለጥም መልካም ነው፤ ተመልካች የሰፊውን እጅ እንዲያይ ያደርጋልና። ይሁን እንጂ መግለጥ ብቻውን አያጸድቅም፤ ኑዛዜም ካሣን ይጠይቃል። በዚያ ዘጋቢ ፊልም የአዘጋጁን ጭንቀት እንሰማለን፤ ከመጋረጃው ማዶ የቆሙትን ሰዎች ስም ግን አናውቅም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ድንጋጌ፣ ጥበብ ከግብረ ገብ ሕግ በላይ እንዳልሆነች ያስተማረው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ወገኖች ወደ ነቀምቴና ወደ አካባቢዋ መጥተው ነበር። ዛሬ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ፣ እርዳታ በሚታደልበት ሁሉ የእጅ ስልክ ይነሣል። ለጋሽ ማስረጃ እንደሚፈልግ እናውቃለን። ነገር ግን አንዲት እናት «ፊቴን አታንሡ» ብትል እህሉ ይቀርባታልን? የሚቀርባት ከሆነ የሰጠናት ምጽዋት አይደለም፤ ፊቷን ገዝተናታል።

እንግዲህ ካቴኪስቶቻችን በየቁምስናው ይህን ሥርዓት ቢያስለምዱ እንወዳለን፤ አስቀድሞ እህሉ ይሰጥ፤ ስልኩ በኪስ ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ፈቃዷ ይጠየቅ። እንቢ ካለች ስሟና የተቀበለችው እህል መጠን በመዝገብ ይጻፍ፤ ይህ ለማስረጃ ይበቃል።