የላይኛውን እጅ ለአያትህ መልስላቸው

 

ዛሬ ከደርስ በኋላ አንድ ወጣት ያነሳውን ጥያቄ አብረን እናስተንትን። "ኡስታዝ፣ አያቴ የመርሳት ሕመም አለባቸው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ሲውሉ ይጨነቃሉ፣ በሩን ከፍተው 'አገሬ ልሂድ' ይላሉ። እኔም ምስር በሰፌድ አቅርቤ 'ይልቀሙልኝ' ስላቸው ደስ ብሏቸው ይለቅማሉ። ማታ ሲተኙ ጠጠሩን መልሼ እደባልቅና በማግስቱ ያንኑ እሰጣቸዋለሁ። ይሄ ማታለል ነው?"

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ውስጡ ግን ትልቅ ጉዳይ አለ፦ ለማያስታውስ ሰው እውነተኛ መሆን ምን ይጠቅማል?

መጀመሪያ ሕመሙን እንወቀው። ሰፈር ውስጥ "ጃጅተዋል" ተብሎ ይታለፋል። ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል፤ አልዛይመር ደግሞ ከዓይነቶቹ በብዛት የሚታየው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ገልጿል። ቁርኣንም በሱረቱ አን-ነሕል 70ኛው አንቀጽ ሰው ካወቀ በኋላ ምንም ወደማያውቅበት ደካማ ዕድሜ ሊመለስ እንደሚችል ይነግረናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ከዚያ ዕድሜ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ስለዚህ ይህ የአንጎል ሕመም ነው፤ የኢማን ጉድለት ወይም የአላህ ቁጣ ምልክት አድርገን አንየው።

በአልዛይመር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ነው። ለዚህ ነው አያትህ ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት፣ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ የሚጠይቁህ። በድግግሞሽ እጅ የለመደው ሙያ ግን በሌላ የአንጎል ክፍል ስለሚያዝ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። የልጅ ልጃቸውን ስም የረሱ እናት ፋቲሓን ሳይሳሳቱ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ሰፌዱንም ሲያነሱ ጣቶቻቸው ራሳቸው መንገዱን ያውቁታል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚሰጠው የላይኛው እጅ ከሚቀበለው የታችኛው እጅ እንደሚበልጥ አስተምረዋል። ይህ ስለ ሰደቃ የተነገረ ነው፤ ስለ ሰው ክብርም ግን ብዙ ያስተምረናል። አያትህን አስብ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያበስሉ፣ ሲያጠቡ፣ እንግዳ ሲቀበሉ፣ ለጎረቤት ሲያካፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ተቀባይ ብቻ ሆኑ። ይጎርሳሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይለብሳሉ፤ "ተቀመጡ!" ይባላሉ። ወደ በሩ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ በሩን ፈልገው አይደለም። የሚፈልጓቸው ሰዎች፣ የሚጠብቃቸው ሥራ ያለ ስለሚመስላቸው ነው።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት የመለስኩለት ይህን ነው፦ ሥራ መስጠትህ መልካም ነው፤ ጠጠሩን መደባለቅህን ግን ተው። የለቀሙትን ምስር ቀቅለው፣ ወጥ ሠርተህ አቅርብና "ይሄ እርስዎ የለቀሙት ነው፣ አላህ ይስጥልን" በላቸው። ነገ ሌላ ምስር አለ፤ በእኛ ቤት የሚለቀም ነገር መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ስትደባልቀው ሥራው እሳቸውን ዝም ማሰኛ ብቻ ይሆናል። ስታበስለው ግን አያትህ ዛሬም ቤቱን መገቡ ማለት ነው። አያዩህም ብለህ አትናቀው፤ አላህ ያያልና። ኢሕሳን ማለትስ አላህ እንደሚያይህ አውቀህ መሥራት አይደለምን?

ምን ዓይነት ሥራ እንስጣቸው? ከኖሩት ሕይወት ፈልግላቸው። ስፌት የሰፉ ከነበሩ አለላውን ይዳስሱት፤ የፈተሉ ከነበሩ ጥጡንና እንዝርቱን አቅርብላቸው። ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ጎመን መበጠስ፣ የታጠበ ልብስ ማጠፍ፣ ካልሲ ማጣመድ፣ ሁሉም ሥራ ነው። አያትህ ወንድ ከሆኑና ነጋዴ ከነበሩ ሳንቲም ለይተው ይቁጠሩልህ፤ ገበሬ ከነበሩ ገመድ ይግመዱ፣ ስለ ዘርና ስለ ዝናብ ጠይቃቸው። ቡና ሲቆላ ከጎን አስቀምጣቸው፤ ጭሱን ያሽቱ፣ ስኒውን ይደርድሩ፣ ዱዓውን እሳቸው ያድርጉ። እሳቱንና የፈላውን ጀበና ግን አንተ ያዝ። ያገኙትን ወደ አፍ የማስገባት ደረጃ ላይ ከደረሱ ደግሞ ጥሬ ጥራጥሬ አትስጣቸው፤ ጨርቅ ይጠፉ።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንገራቸው፤ ሦስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ግራ ያጋባቸዋል። አጠገባቸው ተቀምጠህ አብረህ ሥራ። ቴሌቪዥኑን አጥፋው፤ ቀኑን ሙሉ የተከፈተ ስክሪን ጓደኛ አይሆንም። ብዙዎቹ አመሻሽ ላይ ይረበሻሉ፤ ስለዚህ ከባዱን ሥራ ጠዋት አድርገው፣ ማታ መብራቱን ቀደም ብለህ አብራና የሚወዱትን የቁርኣን ንባብ ወይም ያደጉበትን መንዙማ ዝቅ አድርገህ ክፈትላቸው። ልብሱን አጣመው ካጠፉት አታርም። ሶላት ላይ ረከዓ ቢያበዙ ወይም ቢደጋግሙም አትቆጣቸው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አእምሮውን ያጣን ሰው ከተኛና ከሕፃን ጋር ቆጥረው ተጠያቂነት እንደተነሳለት ነግረውናል።

"ግን እኮ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይረሱታል" ትለኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ፈትኗል። የአልዛይመር ሕሙማን አሳዛኝና አስደሳች ፊልሞች እንዲያዩ ተደረገ። ስላዩት ነገር ብዙም አላስታወሱም፤ ሐዘኑና ደስታው ግን ውስጣቸው ቆየ። ልብ በል ወንድሜ! ጠዋት የተቆጣሃቸውን ቁጣ ይረሱታል፤ ከየት እንደመጣ የማያውቁት ጭንቀት ግን ይዟቸው ሊውል ይችላል። ያመሰገንካቸውንም ቃል ይረሱታል፤ ደስታው ግን አብሯቸው ይቆያል።

ከሃያ ዓመት በፊት የሞቱትን ባለቤታቸውን "መቼ ነው የሚመጡት?" ብለው ቢጠይቁህስ? "ሞተዋል እኮ!" ብትላቸው እንደ አዲስ መርዶ ይሰማሉ። "አሁን ይመጣሉ" ማለትም ውሸት ነው። በሁለቱ መካከል ሰፊ መንገድ አለ፦ "ናፍቀዋል አይደል? እስቲ ስለሳቸው ይንገሩኝ።" ይህ እውነት ነው፤ ርኅራኄም ነው።

መካ በተከፈተችበት ዓመት አቡበክር (ረ.ዐ) ያረጁና ዓይናቸው የጠፋ አባታቸውን አቡ ቁሓፋን ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡ። ነቢዩም ሽማግሌውን ቤታቸው ብትተዋቸውና እኔ ብሄድላቸው አይሻልም ነበር ወይ የሚል ትርጉም ያለው ንግግር ተናገሩ። ሱብሓነሏህ! አያትህ ዛሬ ባሉበት ዘመን ውስጥ አይደሉም፤ ምናልባት ልጅነታቸው ላይ፣ ምናልባት ወሎ ገጠር ውስጥ ናቸው። ጎትተህ ወደ ዛሬ ለማምጣት አትታገል። አንተ ሂድላቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ይህን ሁሉ የምትሠራው ብዙ ጊዜ እህትህ ወይም እናትህ ናት። በሱረቱ አል-ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ ወላጆች "አንተ ዘንድ" ሲያረጁ "ኡፍ" እንዳትላቸው የታዘዝከው አንተም ነህ። የደከመች ሴት አሥረኛውን ጥያቄ ብቻዋን ስትመልስ "ኡፍ" ብትል፣ ከዚያ "ኡፍ" የአንተም ድርሻ አለበት። ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትመለስ ስልክህን አስቀምጥና "እህቴ፣ አንቺ ትንሽ ተኚ፣ ዛሬ የኔ ተራ ነው" በላት። ከዚያ ሰፌዱን አንሳና ከአያትህ ጎን ተቀመጥ።

አላህ ለወላጆቻችን ይዘንላቸው፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ እኛም ስናረጅ የሚታገሡን ልጆች ይስጠን። አሚን።