የማይመለስ የነዳጅ ፔዳል

እግር ሲነሣለት ወዲያው ወደ ቦታው የማይመለስ የነዳጅ ፔዳል ያለው መኪና ለጉዞ አይበቃም። ከዲማ ተነሥቶ በቢቸናና በደጀን አድርጎ ዓባይን ለሚሻገር ወጣት ሹፌር ነገሩ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚያ መንገድ መኪናውን ይዞ የሚያወርደው በከባድ ማርሽ የገባ ሞተር ነው፤ ፔዳሉ ከተያዘ ሞተሩ መያዙን ትቶ ይገፋል፣ ብቻውን የቀረው ፍሬንም ይግላል።

እንደ ዲኤክስ ኮሮላ ባሉ አሮጌ ካርቡሬተር መኪኖች ፔዳሉ የካርቡሬተሩን የአየር በር በካቦ ይከፍታል፤ የሚዘጋው ሞላ ነው። ዘይት ከማፍሰስ በፊት የትኛው እንደታመመ መለየት ይቀድማል።

ፍተሻው ከወለሉ ይጀምራል። የተንሸራተተ ምንጣፍ፣ በክረምት ከጫማ ጋር ገብቶ በፔዳሉ ማጠፊያ የደረቀ የዋልካ ጭቃ፣ ሁለቱም በነፃ የሚነሡ ናቸው፤ ብዙዎች ግን ሳያዩአቸው ኮፈን ይከፍታሉ። ቶዮታ በ2002 ዓ.ም. በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖቹን ለጥገና የጠራው ምንጣፍ ፔዳሉን ስለሚይዝና በአንዳንዶቹም ፔዳሉ ራሱ ዘግይቶ ስለሚመለስ ነበር።

ወለሉ ንጹሕ ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፣ ካቦውም ከካርቡሬተሩ ጫፍ ይፈታ። የአየር በሩ በእጅ ተከፍቶ ሲለቀቅ ከዘገየ ሕመሙ እዚያው ነው፤ የተጋገረው ጥላሸትና አቧራ በካርቡሬተር ማጠቢያና በብሩሽ ይታጠባል። ግራሶ አይቀባም፤ አቧራ ሰብስቦ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይብስበታል። በሩ ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ጥፋቱ የካቦው ወይም የፔዳሉ ነው። አንዲት ክር እንኳ የተበጠሰችበት ካቦ ይለወጣል፤ ዘይት አያድነውም። አዲሱ ሳይጣመምና ከጭስ ማውጫው ግለት ርቆ ይዘርጋ፣ ፔዳሉ ሲለቀቅም ትንሽ ላላ ይበል። የደከመ ሞላ በልኩ ይተካል። ጠንካራ ሞላ ደርቦ ማሰር ግን ሕመሙን መደበቅ ነው፤ ካቦው የሚበጠሰው ባልታሰበበት መንገድ ላይ ይሆናል።

ፔዳሉ በጉዞ ላይ ከተያዘ ፍሬኑ አንዴ አጥብቆ ተረግጦ ይያዝ። ደጋግሞ መምታት አጋዡን ኃይል ይጨርሰዋል። ማርሹ ወዲያው ፎሌ ይግባ፤ ሞተሩ ቢጮኽም ይጩኽ። መኪናው ሳይቆም ቁልፉ አይነቀል፣ መሪው ይቆለፋልና። ከቆመ በኋላ ተጎትቶ ጋራዥ ይግባ እንጂ እስከ ከተማ ይድረስልኝ ተብሎ አይነዳ።