ስለ ሰባኪው ሥዕል

ሰውን በብዕር መሣል በሰው ላይ እንደ መፍረድ ነው፤ ዳኛ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ ሊፈርድ እንደማይገባው፥ ደራሲም የሰውን አንድ ወገን ብቻ አይቶ ሊሥል አይገባውም።

ሲንክሌር ልዊስ የተባለው የአሜሪካ ደራሲ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. «ኤልመር ጋንትሪ» የሚባል የልብ ወለድ መጽሐፍ አወጣ። ባለታሪኩ የወንጌል ሰባኪ ነው፤ በአደባባይ ስካርንና ዝሙትን ይገሥጻል፥ በስውር ግን ሁለቱንም ያደርጋል። መጽሐፉ በቦስተን ከተማ እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ በ1960 ግን በሲኒማ ታየ፥ ሰባኪውን ሆኖ የተጫወተው በርት ላንካስተርም ኦስካር የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። የጋንትሪም ስም በዚያ አገር የግብዝ ሰባኪ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ግብዝ ሰባኪ መኖሩ ሐሰት አይደለም፤ ጌታችንም በወንጌል ግብዞችን አልማረም። በደሉ የሚጀምረው አንባቢ አንዱን ሰው አይቶ ስለ ሺሁ ሲፈርድ ነው። ሮበርት ዱቫል በ1997 «ሐዋርያው» የተባለውን ሲኒማ ራሱ ጽፎ፥ ራሱ አዘጋጅቶ፥ ራሱም ሲጫወት፥ ባለታሪኩን ሰባኪ በቍጣ ሰው መትቶ የገደለ አድርጎ አሳየ። ኀጢአቱን አልሸፈነለትም፤ ነገር ግን ጸሎቱ የእውነት ጸሎት መሆኑንም አልካደበትም።

ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻ አይምሰለን። አቶ ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተሸጠው፥ በምጽዋ ነጻ ወጥተው፥ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1899 አሳተሙ፤ በ1904ም ወደ ነቀምቴ ገቡ። በ1906 ግን «እመቤታችንን ይነቅፋል» ተብለው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሱ። አቡኑ እንዲጋዙ ፈረዱ፤ ዐፄ ምኒልክም እንዳያስተምሩ ከልክለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው። በሕዝብም አፍ ወንጌላዊ ሁሉ «ጸረ ማርያም»፥ በኋላ ዘመንም «ጴንጤ» ተባለ። ልዊስ በብዙ ገጽ የሣለውን ሥዕል ሕዝብ በአንድ ቃል ሣለው፤ ከቃሉም በስተጀርባ ዕድሜውን በትርጕም የፈጀው ሰው ሳይታይ ቀረ።

በደሉም በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ከወንጌላውያንም ደብተራውን ሁሉ ጠንቋይ፥ ቄሱን ሁሉ ሆዳም አድርገው የሚያወሩ አሉ። ቅኔ ሲቈጥር የዋለው፥ ማሕሌት ቆሞ ያደረው ደብተራ በዚያ ወሬ ውስጥ ስፍራ የለውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከአንተ የተለየ ሃይማኖት ስላለው ሰው ከመጻፍህና ከመናገርህ በፊት ራስህን ጠይቅ፤ ኀጢአቱን የሰማኸውን ያህል ጸሎቱን ሰምተሃልን? ካልሰማህ ብዕርህን አቆየው። የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ የፈረደ ዳኛ፥ የቀጣው ሰው በእርግጥ በደለኛ ቢሆን እንኳ፥ ፍርድ አጓደለ እንጂ አልፈረደም።