ያልቀዘቀዘ ልክ

በቤቱ ጓሮ ትንሽ ቶርኖ ተክሎ ከአሉሚኒየም የማሽን ክፍሎችን የሚያወጣ ሰው፣ ከፋብሪካ ባልደረባው የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሠሪውም ለኪውም ፈራጁም እርሱ ራሱ መሆኑ ነው። በፋብሪካ ሥራው ወደ ተቆጣጣሪ እጅ ያልፋል፤ በጓሮ ግን ጠያቂ የለም። ለመሆኑ ማንም በማይመረምረው ሥራ ሰው ለእውነት ያለበት ዕዳ ምን ያህል ነው?

አሉሚኒየም ይህን ጥያቄ ያከብደዋል። ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ሲሞቅ ግን ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ የርዝመት ልኬት ዓለም አቀፍ መነሻ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለኩሽኔታ ማስገቢያ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ አበጅተን ገና በ40 ዲግሪ ሳለ ብንለካው፣ ከእውነተኛ መጠኑ በ0.023 ሚሊሜትር ያህል ሰፍቶ ይታያል። ለእንዲህ ያለ ቀዳዳ በተለመደው ደረጃ የሚፈቀደው ልዩነት በጠቅላላው 0.025 ሚሊሜትር ነው። በትኩሱ ትክክል የነበረው ሲቀዘቅዝ ይጠባል።

ታዲያ ትኩሱን ለክቶ «ደርሷል» የሚል ሰው ዋሽቷልን? ቁጥሩ በመለኪያው ላይ በእርግጥ ይታያል፤ እስካሁን የተታለለም ሰው የለም። እኛ ግን ነገሩን አናቀለውም፤ መቀዝቀዝ እንዳለበት እያወቀ የሚቸኩል ሰው መለኪያው እንዲነግረው የሚፈልገውን አስቀድሞ ወስኗል። የማይክሮሜትር ሠሪዎች ይህን ጠባይ ሳያውቁት አልቀሩም፤ በመሣሪያው ጫፍ ላይ ግፊቱ ከተወሰነው ሲያልፍ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚሸራተት መዞሪያ አድርገውበታል፤ እጅ አጥብቆ ቁጥሩን ወደ ፍላጎቱ እንዳይጎትት ነው።

በሌላ በኩል ሁሉን ነገር እስከ ሚሊሜትር መቶኛ ማድረስ ቅንነት የሚመስለው አለ። የመደርደሪያ መያዣ በግማሽ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ምንም አይጎድለውም፤ ልጆቹ ለእራት እየጠበቁት በእርሱ ላይ የሚያመሽ ሰው ኩራቱን እንጂ ዕቃውን አያገለግልም።

ያው ሰው ለጎረቤቱ የውኃ መሳቢያ ሞተር የኩሽኔታ ቤት ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጠበበ ቀዳዳ ኩሽኔታው በመዶሻ ተመትቶ ይገባል፤ ለጥቂት ጊዜ ይሽከረከራል፤ ከዚያም ያለ ዕድሜው ያልቃል። ጎረቤትየው የዕቃውን ጥራት ይወቅሳል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። እንግዲህ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወደ ቤት ይግባ፤ ቡናውን እስከ ሦስተኛው ጠጥቶ ሲመለስ ይለካው።