በውሰት የመጣ ልጅ

ስሙኝማ ልጆቼ። በመጪው ክረምት መካነ ሰላም ላይ ሕፃናት ሰብስበን እናስተምራለን፣ እናጫውታለን ማለታችሁን ሰማሁና ደስ አለኝ። ቲሸርት ልታሳትሙም ነው ተባለ። እሱን ለጊዜው ተዉትና ይህን መልሱልኝ፤ ልጁ እናንተ ዘንድ ሲመጣ ጥጃውን ማን ይጠብቃል?

የምጠይቀው ለነገር አይደለም፤ ስለደረሰብኝ ነው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እኔም ጢም ሳላወጣ ጠመኔ ከጨበጡት አንዱ ነበርኩ። የተመደብኩበት መንደር ወደ ዓባይ ቁልቁል የሚያይ ነው። ትምህርቱን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አደረግሁት፤ ለምን ቢሉ ለእኔ ስለተመቸኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ዳሱ ሞላ። በሦስተኛው በጣት የሚቆጠሩ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ በየቀኑ ያረፍዳል፤ አንበረከክሁት። በማግስቱ እናቱ መጣች። አልጮኸችም። «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ያዋስኩህ ነኝ። ከብቱን አሰማርቶ ነው አንተ ዘንድ የሚሮጠው» አለችና ልጇን ይዛ ሄደች። ልጁ አልተመለሰም።

ምክሬ ያችው የእናቲቱ ቃል ናት። በእኛ አገር ልጅ የቤቱ ጉልበት ነው። ወንፈል የወጣላችሁን ሰው ቀኑን እንደምትመልሱለት ሁሉ የልጁንም ሰዓት መመለስ አለባችሁ። አምስት ሰዓት ላይ እንለቃለን ካላችሁ አምስት ሰዓት ላይ ልቀቁ። ጨዋታው ስለደመቀ እስከ ስድስት ብታቆዩት ነገ አይላክም፤ እናትየውም ለምን እንዳልላከችው አትነግራችሁም።

ስለዚህ ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ቤት ለቤት ሂዱ። ሐምሌ ዘር ነው፣ ነሐሴ አረም ነው፤ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ ጅረቱም ይሞላል። ወንዝ የሚሻገር ልጅ ካላችሁ ደመናው ሲጠቁር ትምህርቱን አቋርጣችሁ በታላላቆቹ አሸኙት። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እናት ገበያ ስትውል ሕፃኑ የሚቀረው በእህቱ ጀርባ ላይ ነው። «ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሴት ልጅ አትምጣ ብላችሁ ጻፋችሁ ማለት ነው። ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፉላትና ከነታናሿ ትግባ።

የምትሠሩት ወሎ ውስጥ መሆኑንም አትርሱ። ዓርብ ቀትር የጁምዓ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ትንንሾቹ ሳይቀሩ ጾመው ሲያስቀድሱ ይውላሉ። በእነዚያ ቀናት አዲስ ትምህርት አትጀምሩ፤ ክርስቲያኑ ሲመለስ ሙስሊሙ ቀድሞት እንዳያገኘው፣ ወይም በጁምዓ በኩል እንዲሁ እንዳይሆን። መክሰሱን ቆሎ አድርጉት። ሥጋ ያለበት ነገር የማን እርድ ነው ያሰኛል፣ ወተት ያለበት ጾም ያስፈታል፤ ቆሎ ግን ሁሉም ከአንድ ሰፌድ ይዘግናል።

ስለ ማስተማሩ ብዙ አልናገርም፤ እናንተ ከእኔ ይልቅ ተምራችኋል። ብቻ «ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያለ ትምህርት» የሚባለው አሁን የመጣ እንዳይመስላችሁ። የኔታ ዘንድ ፊደል የሚቆጥረው፣ ቁርኣን ቤት ሰሌዳውን ታቅፎ የሚያነበንበው ልጅ ሁለቱም ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። አሠራራቸውን ልብ በሉ። ክፍል የለም፤ እያንዳንዱ ከደረሰበት ይቀጥላል፤ ያወቀው ላላወቀው ያስቀጽላል። ዱላውን ተዉት፣ ይህን ግን ውረሱ። በተለይ አሁን። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ግጭት የተነሣ ትምህርት ቤት ሳይረግጥ የከረመ ልጅ ይመጣችኋል። ስንተኛ ክፍል ነህ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ዕድሜውና ክፍሉ አልገጥም ብሎት ያፍራል። ፊደል ገበታውን ዘርግታችሁ ከመካከል እየዘለላችሁ ጠቁሙለት። ከሀ እስከ ፐ 231ዱን በዜማ የሚወርድ፣ «ጡ»ን ለብቻዋ ስታሳዩት ግን የሚደናገር ልጅ ስንቱን አይቻለሁ መሰላችሁ።

ከክረምቱ በኋላም ከቀጠላችሁ፣ መስከረም ሲጠባ የትምህርት ቤት ፈረቃ ይጀመራል። የጠዋት ፈረቃው ከሰዓት ነፃ ነው፣ የከሰዓቱ ጠዋት፤ ስለዚህ ሁለት ቡድን ይኖራችኋል፣ ለየቡድኑም አንድ ሰዓት ይበቃል። ያን ጊዜ ወላጆች ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ፈተና አስጠኑልን እያሉ ይወጥሯችኋል። አስጠኑ፤ ነገር ግን ታናናሾቹን አስወጥታችሁ አይሁን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገሩ ሁሉ ስለ 12ኛ ክፍል አወራ። እኔ እንደ አሮጌ አስተማሪ የማየው ሁለተኛ ክፍልን ነው። አንቀጽ አንብቦ ሳይገባው ያለፈ ልጅ ፊዚክሱን በምን ያንብበው?

ጨዋታውን ደግሞ ከሩቅ አታምጡ። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ በጠጠር ገበጣ ብታጫውቷቸው ቁጥር የሚያስጠላው ልጅ ሳያውቀው ሲደምርና ሲቀንስ ታገኙታላችሁ። እንቆቅልሽ ላይ ደግሞ እነሱ ይጠይቁ፤ እናንተ ሲያቅታችሁ አገር ስጧቸው። መካነ ሰላምን የሰጣችሁት ልጅ ለሳምንት ከደስታው አይወርድም።

መጽሐፍን በሚመለከት ዘመቻው አንድ ነገር አስተምሮኛል። ዘመቻችን በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፣ ዩኔስኮም ሸለመን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ያስተማርኩበትን መንደር ስጎበኝ ያነቡ የነበሩት ፊደሉ ጠፍቶባቸዋል። የሚነበብ ነገር አልተውንላቸውማ! ከዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ተማሩ፤ ከአሜሪካ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በኋላም ሀዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እያስጎተተ ሕፃናቱ ወዳሉበት ወሰደ። የእኛ ዳገት ጋሪ አይወድም፤ ነገር ግን መጽሐፍ በኮርቻ ቢጫን በቅሎዋ እምቢ አትልም። ሃምሳ መጽሐፍ ይበቃል፤ መዝግባችሁ ቤቱ ድረስ አውሱት። ቢቀደድ አትቆጡ፤ የተቀደደ መጽሐፍ የተነበበ ነው።

ስለ ጥንቃቄ ደግሞ ሳላድበሰብስ ልናገር። ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ ለብቻው አይቀመጥ፤ ወንድም ይሁን ሴት፣ ከእናንተ የታመነውም ቢሆን። ሳይመሽ፣ ጅቡም ሳይወጣ ሁሉም ቤቱ ይግባ። ቀበሌውና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥራችሁን ይወቁ፤ በክረምት ባዶ የሚውል የመማሪያ ክፍል ሊፈቅዱላችሁም ይችላሉ።

አንድ የቀረኝ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያግዙናል ብላችሁ ሁሉን በእነሱ ላይ አትጣሉ፤ ግቢው ሲዘጋ ወደየአገራቸው ይሄዳሉ። ከሌላ አገር ግቢ ለክረምት ወደዚህ የሚመለሱት የመካነ ሰላም ልጆች አሉላችሁ፤ እነሱን ያዙ። ሦስት ሆናችሁ በአሥራ አምስት ልጅ ጀምሩ። ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ሳይዘጋ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ የአሥራ አምስቱን ቤት አንኳኩ፤ በየቤቱም መጀመሪያ የምትጽፉት ልጁ በስንት ሰዓት እንደሚፈለግ ይሁን።