በወንዝ ዳር ስለሚገኝ ደስታ

በአውሮፓ የሚኖሩ አንድ ታላቅ ወንድማችን ባለፈው ሐምሌ በቢስክሌት ስላደረጉት ጉዞ ጽፈውልኝ፥ በደብዳቤያቸው መጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኛል። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ መልሱን በዚህ መጽሔት ለማውጣት ፈቃዳቸውን ለምኜ ተቀብያለሁ።

የሄዱበት መንገድ በዳኑብ ወንዝ ዳር ከፓሳው ተነሥቶ እስከ ቪየና የሚደርስ፥ ርዝመቱም ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። ለጥ ያለ ስለ ሆነ ሽማግሌም ሕፃንም ይነዳበታል። በግራና በቀኝ የወይን ተክል፥ የሜልክ ታላቅ ገዳም፥ በዐለት ላይ የፈረሱ ግንቦችም ይታያሉ። ከእነዚህም አንዱ የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1192፥ ተይዞ የታሰረበት የዱርንሽታይን ግንብ ነው። ይህን ግንብ በ1645 ያፈረሱት የስዊድን ወታደሮች፥ ማለት የእኛው የሉተራውያን ወገኖች ናቸው። ፍርስራሽ ሁሉ የሌላ ሰው እጅ ሥራ እንዳይመስለን ይህን በማለፍ እናገራለሁ።

ከዚያ አስቀድሞ ግን፥ ከሊንዝ ከተማ ጥቂት እንደ ራቀ፥ መንገዱ በማውትሃውዘን ያልፋል። በዚያ ከ1938 እስከ 1945 የናዚዎች የማጎሪያ ሰፈር ነበረ። እስረኞቹ ከባድ ድንጋይ ተሸክመው 186 ደረጃዎችን ይወጡ ነበር፤ በሰፈሩና በቅርንጫፎቹም ቢያንስ 90,000 ሰዎች ሞተዋል። ወንድማችን ወደዚያ የሚያመለክተውን ሰሌዳ አዩ። ነገር ግን ነፋሱ ከኋላቸው ይነፍስ ነበር፥ ወንዙም ያበራ ነበርና አልቆሙም። ማታ እንቅልፍ አጡ። እንግዲህ በዚያ ቀን የተደሰትሁት ደስታ ኃጢአት ነውን? ብለው ይጠይቃሉ።

ይህ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። እርሳቸው በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን ገና ሕፃን ሳሉ፥ ከእናታቸው ጋር በእግር ወደ ሱዳን ተሻግረው በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ኖረዋል። ወንዝ ብለው መጀመሪያ ያወቁት አትባራን ነው፤ እርሱም በበጋ ፈሳሹ ተቋርጦ በየኩሬው የሚቀር፥ ለተጠማ ሰው የሚያስጨንቅ ወንዝ ነው።

አትባራ የእኛው ጓንግ ነው። ከጣና በስተ ሰሜን ካለው ደጋ ወርዶ በመተማ አጠገብ ድንበሩን ይሻገራል። ወንዙ ከአውራ ጎዳናው ብዙ ጊዜ ቢርቅም፥ ከጎንደር የፋሲል ግንብ ተነሥቶ በመተማና በገላባት በኩል ገዳሪፍ የሚደርስ ሰው የሚያየው ከዳኑቡ መንገደኛ አያንስም። የሚያልፍበትም መሬት ከዚያኛው ንጹሕ አይደለም። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ቆስለው በማግሥቱ አረፉ፤ አስከሬናቸውን ይዘው የሚመለሱትን ጠላት በወንዙ ዳር ደርሶባቸው ራስ አርአያ በዚያ ወደቁ፥ የንጉሡም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። በኅዳር 1940፥ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ እንግሊዝና ኢጣሊያ በገላባት ምሽግ ተዋጉ። በ2013 ዓ.ም. ወገኖቻችን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ ከካርቱም የሸሹ በገላባት በኩል ወደ እኛ መጡ።

አንዳንድ ምእመናን፥ ምድር በደም ከራሰች በውበትዋ መደሰት አይገባም ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ ሚዛንማ ከሆነ ገበሬው በመተማ ሰሊጥ መዝራት ባልተገባው ነበር። ወንዙን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ደሙን ያፈሰሰ ሰው ነው። ሌሎች ደግሞ፥ ያለፈው አልፏል፥ ንዳ ይላሉ። ይህኛው ይብሳል። ሉተር በ1518 በሃይደልበርግ እንዳስተማረው የመስቀሉ ተማሪ እያንዳንዱን ነገር በእውነተኛ ስሙ የሚጠራ ነው። እንግዲያስ የዳኑብ ውበት ውበት ይባል፥ እነዚያም ደረጃዎች መግደያ ይባሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍን።

ወንድማችን የበደሉት በመደሰታቸው አይመስለኝም፤ ደስታቸው እንዳይቆሙ ስላዘዛቸውና ስለ ታዘዙለት ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን አይተው ያለፉበት፥ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ቢስክሌት የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው መቆም ይከብደዋል፥ ስለዚህም ዓይኑ ወደ ዳር እንዳያይ ራሱን ያስለምዳል። ወደ ሊንዝ ተመልሰው ደረጃዎቹን እንዲወጡ፥ ከዚያም ያለ ሐፍረት እስከ ቪየና እንዲነዱ መክሬአቸዋለሁ።

ምክሩን ስጽፍ ግን የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ከመተማ ወጥቼ በማለዳ ወደ ጓንግ እነዳ ነበር። ሌሊት ዘንቦ አየሩ ቀዝቅዞ ነበር፥ መዝሙርም እዘምር ነበር። ከግራር ሥር በሻንጣ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። ሰላምታ የሰጡኝ መሰለኝና እኔም እጄን አንሥቼ አለፍሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳሁ በኋላ ሰላምታ እንዳልነበረ ገባኝና ተመለስሁ። ግራሩ ሥር ማንም አልነበረም፤ በእርጥቡ አፈር ላይ የሻንጣው አራት ማዕዘን ብቻ ታትሞ ቀርቶ ነበር።