ዘንዶው ከላይ ሲመጣ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ወንዝ ዳር ለቆመ ሰው አይደለም። የተዳፈነ የቤተሰብ ጉዳይ ለሚያነሳ፣ የተዘጋ የሒሳብ መዝገብ ለሚያስከፍት፣ አለቃውን ደጋግሞ ለሚጠይቅ ነው። ተረቱ «ተው፣ አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ሆኗል። ምስሉ ግን ከውሃ የተቀዳ ነው፤ ዓሣ ፈላጊው ከድንጋይ ሥር እጁን ይሰድና ያላሰበውን ይነካል። ጫሞ ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥል ሰው ይህን ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ የእሱ ዘንዶ አዞና ጉማሬ ነው።

ካቺሲ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የግንደ በረት ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አገሩ በሙገርና በጉደር ወንዞች መካከል ተዘርግቶ በሰሜን ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚህ ተነስቶ ዓሣ ሊያጠምድ ቆላ ለሚወርድ ሰው ሰማዩ ሁለት ነው። ሸለቆው ውስጥ ፀሐይ እያቃጠለች ደጋው ላይ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። ያ ዝናብ ሰዓታት ቆይቶ በወንዙ ይደርሳል፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፣ ከኋላው ደራሹ ይከተላል። ዘንዶው ከድንጋዩ ሥር አልነበረም።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ ማብቂያ ላይ ድሬዳዋ ውስጥ የደቻቱ ወንዝ ከደጋ የወረደ ጎርፍ ይዞ ሌሊት ሲመጣ ከ200 በላይ ሰዎች በተኙበት አለቁ። ብዙም ሳይቆይ፣ በነሐሴ፣ ኦሞ ሞልቶ ታች ዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ጨረሰ። ከኦሞ ገባሮች ትልቁ የሆነው ጊቤ ከሚነሳባቸው ደጋዎች አንዱ ካቺሲ ያለችበት ምዕራብ ሸዋ ነው።

ታዲያ ተረቱ እውነት ነው? ግማሹ አዎ። ሳያዩ እጅ መስደድ ያስጎዳል። «አትጠይቅ» በሚለው ትርጉሙ ግን ወንዝ ዳር ሰው ይገድላል። እዚያ የሚተርፈው ከመውረዱ በፊት የጎረጎረ ሰው ነው፤ ወሩን፣ ሰዓቱን፣ የላይኛውን አገር ሰማይ።

ወሩ ብዙ ይናገራል። ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ ነው፤ በተለይ ከኅዳር በኋላ ወንዙ ይጠራል፣ ሰማዩም ይታመናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ስለሆነ ማንም አይሳሳትም። አሳሳቹ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው በልግ ነው፤ አንድ ሳምንት ደረቅ፣ በማግስቱ ዶፍ። ዓሣ በእጅጉ የሚፈለግበት ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚውለው በዚሁ ወቅት ነው። ገበያው ወደ ውሃው የሚገፋው ውሃው በማይታመንበት ጊዜ ነው ማለት ነው፤ ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

ሰዓቱም እንዲሁ። የደጋ ነጎድጓድ የሚበዛው ከቀትር በኋላ ነው። የጣና አጥማጆች ማታ መረብ ጥለው ንጋት ላይ የሚያነሱበት ልማድ ለዚህም ይረዳል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ቶሎ ይናወጣልና። ወደ ዓባይ ለሚወርደውም ሲነጋ ውሃው ዳር መድረስ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ሳያልፍ ዳገቱን መጀመር ይበጃል። ወንዝ መሃል ደረቅ አሸዋ ላይ ማረፍ ግን በየትኛውም ሰዓት ከዕቅዱ ይውጣ።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ መነሻ ይሆናል፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ እንጂ ስለ አንድ ገደል አይደለም። የጎደለውን የሚሞላው የላይኛው አገር ሰው ነው። ወደ ጉደር የሚወርድ አምቦ ላለ ዘመዱ፣ ወደ ሙገር የሚወርድ ጫንጮ ወይም ሱሉልታ ላለ ወዳጁ ደውሎ «ማታ ዘንቧል ወይ? ደመናው ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መደወል ያለበት ደግሞ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል።